ኔትሱኬ፦ ስለ ጃፓን ጥቃቅን ቅርጾች ጥያቄና መልስ

የምችለውን እመልሳለሁ። ዋጋ የምትጠይቁ ግን የዕቃውን ሥርና የገመድ ቀዳዳዎቹን ፎቶ ሳትልኩ አትጠይቁኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ ይንገሩን። ኔትሱኬ ጌጥ ነው ወይስ ጣዖት?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም እህቴ፣ አገልግሎት ያለው ዕቃ ነው። በኤዶ ዘመን (1603–1868) የሚለበሰው ኪሞኖ ኪስ አልነበረውም። ወንዶች የትምባሆ ከረጢታቸውን ወይም ኢንሮ የሚባለውን የመድኃኒት ሣጥን በገመድ አስረው፣ ገመዱን በመቀነታቸው ሥር አሾልከው ያንጠለጥሉት ነበር። ገመዱ ሾልኮ እንዳይወድቅ ከመቀነቱ በላይ የሚቀረው ማገጃ ኔትሱኬው ነው። አብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ልብስ እንዳይቦጭቅ ሹል ነገር አይወጣለትም፤ ጥሩ ሠሪ ደግሞ ሥሩን እንኳ ሳይቀርጽ አይተወውም።

ለንደኑ፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የዝሆን ጥርስ በሬ ገዛሁ። ሥሩ ላይ የቶሞታዳ ፊርማ አለበት ተባልኩ። እውነተኛ ነው?

መልስ፦ ቶሞታዳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኪዮቶ የሠራ፣ በተለይ በበሬዎቹ የታወቀ ሰው ነው። በ1781 በኦሳካ የታተመውና ከሃምሳ በላይ ቀራጮችን የዘረዘረው «ሶከን ኪሾ» የተባለ መጽሐፍ ያኔውኑ ሥራው በብዛት እንደሚቀዳ ጽፏል። ስለዚህ ፊርማውን መጨረሻ ላይ ተመልከተው። አስቀድመህ ሂሞቶሺ የሚባሉትን ሁለቱን የገመድ ቀዳዳዎች እይ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሰፋ ያለ ነው፤ ቋጠሮው የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። ገመድ ለዓመታት የጎተተው ቀዳዳ ከንፈሩ በአንድ ወገን ተበልቶ ለስልሷል። ሊሸጥ ብቻ የተሠራ ቅጂ ላይ ግን ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ነው።

ከዚያ የእርጅናውን ቦታ ፈልግ። እኔ ዘንድ ፁጌ ከሚባለው ጥቅጥቅ ያለ እንጨት የተቀረጸ የተኛ ውሻ አለ። ልብስ ሲነካው በኖረው ጎኑ የጎድን አጥንቶቹ በጣት ብቻ ነው የሚታወቁት፤ ከአገጩ ሥር፣ እጅ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ግን ጠጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሻይ ቀለም የተነከረ የሐሰት አሮጌ እንዲህ አይሆንም። ጉድጓዱ ሁሉ እኩል ይጠቁራል፣ ጉብታው ግን አላለቀም።

የሥሩን ፎቶ ላክ።

ጨው በረንዳ፦ በጋለ መርፌ ሲወጋ ፕላስቲክ መሆን አለመሆኑ ይለያል ይላሉ።

መልስ፦ አትውጉት! እውነተኛ ከሆነ አበላሻችሁት ማለት ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የዝሆን ጥርስ አግድም በተቆረጠበት ፊት ላይ የሽሬገር መስመሮች የሚባሉ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ከውጭው ጠርዝ አጠገብ የሚሠሩት ማዕዘን በዝሆን ከ115 ዲግሪ በላይ፣ በማሞዝ (ዘሩ በጠፋው የዝሆን ዘመድ) ከ90 በታች ነው። አጥንት ጥቃቅን ነጠብጣብና ሰረዝ አለው። ሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ደግሞ የአየር አረፋና የቅርጽ ማውጫው መገጣጠሚያ መስመር ይታይበታል።

ሐምሌ፦ ቆይ፣ የዝሆን ጥርስ መሰብሰብ ራሱ ልክ ነው? በመጋቢት 2015 አዲስ አበባ ላይ ከስድስት ቶን በላይ የተቃጠለው ለምን ሆነ?

ለንደኑ፦ የኔው ዝሆን ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ዛሬ ባቃጥለው ማን ይድናል?

ሐምሌ፦ ገዢ እስካለ ድረስ ትናንት የተገደለውን አሮጌ ነው ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም።

ለንደኑ፦ ታዲያ ሙዚየሞቹ ሁሉ ያቃጥሉ?

መልስ፦ ይብቃችሁ። እኔ ከሐምሌ ጋር ነኝ፤ ከገበያ የምገዛው እንጨት ብቻ ነው። ለንደኑ፣ አንተም ዕወቀው፦ በብሪታንያ ከሰኔ 2022 ጀምሮ የዝሆን ጥርስ ኔትሱኬ መሸጥ ክልክል ነው። ከ1918 በፊት የተሠራና ከፍ ያለ የጥበብ ዋጋ እንዳለው ተመስክሮለት ፈቃድ ያገኘ፣ ወይም ዕውቅና ላለው ሙዚየም የሚሸጥ ካልሆነ በቀር አይሸጥም። ማስቀመጥም ማውረስም ትችላለህ። እንጨት ደግሞ የድሀ ምርጫ አይደለም። የታምባው ቶዮማሳ፣ በነብሮቹ የሚታወቀው የፁ ከተማው ሚንኮ፣ ሁለቱም ስማቸውን ያስጠሩት በእንጨት ነው።

ዱባይ ያለሁ፦ የኔስ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የሥሩ ፎቶ የታለ?

ዱባይ ያለሁ፦ ሥሩ ቀዳዳ የለውም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መልስ፦ እንግዲያው ኦኪሞኖ ነው፤ መደርደሪያ ላይ የሚቆም። ከ1868 በኋላ ኪስ ያለው የምዕራባውያን ልብስና ሲጋራ ሲስፋፋ ብዙ ቀራጮች ለውጭ ገዢ እንዲህ ያለውን መሥራት ጀመሩ። ዋጋ አልነግርህም።

የካዛንቺሷ፦ ዘይት ቢቀባስ? ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ብመጣ?

መልስ፦ ዘይትም ውሃም አይንካው። የዝሆን ጥርስ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከአምፖል ሙቀት አርቂው፣ በመስታወት ሣጥን ከሆነ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ አጠገቡ አኑሪ። እንጨት ከሆነ በንጹሕ እጅ መያዝ ይበቃዋል። የዝሆን ጥርሱን ግን የሁለቱን አገር የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች ሳትጠይቂ ድንበር አታሻግሪ።

ጨው በረንዳ፦ ፊርማ ከሌለውስ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ለለንደኑ የመለስኩትን አንብብ። ድንቅ ሆነው ፊርማ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ሁለቱም ቀዳዳዎች እንዲታዩ አድርገህ ላክ።