መልስ፦ ጅማ ሆኖ ለሰው የሚጠቅም የሶፍትዌር ሥራ ይገኛል?

ሰላም ወንድሜ። ሶፍትዌር ተምረህ ከጅማ ሳትወጣ ለሰው የሚጠቅም ሥራ ይገኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። ይገኛል፤ ብቻ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትጠብቀው።

መጀመሪያ ቡናውን ተመልከት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢገፋም ዝግጅቱ አይቀርም። ቡናው የተመረተበት ማሳ ሁሉ በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያ ድንበሩ ይለካል። የጅማ ዞኑ የጎማ ወይም የማና ወረዳ ገበሬ ደኑን ጠብቆ ኖሮም ማሳው ስላልተመዘገበ ብቻ ገዢ ሊያጣ ይችላል፤ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ኔትወርክ በሌለበት የሚሠራ፣ በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ፣ ርካሽ ስልክ ላይ የማይንቀራፈፍ መተግበሪያ ያስፈልጋል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ቢሮ ሄደህ መዝገቡን ማን እንደሚይዝ፣ በምን እንደሚይዝ ጠይቅ።

ጤናውም አለ። ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 (DHIS2) የተባለው የጤና መረጃ ሶፍትዌር ኮዱ ክፍት ነው፤ ዛሬውኑ ላፕቶፕህ ላይ ጭነህ መለማመድ ትችላለህ።

ቅጥር ስትጠየቅ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀህ ጠይቅ፦ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሲስተሙን ማን ይረከባል? መልስ ከሌላቸው ሌላ ቦታ ፈልግ።