«ሰባት ቤት ቆጥረን ተጋብተን ልጃችን ለምን ነጭ ሆና ተወለደች?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከአምባሰል ነው። ከባለቤቴ ጋር በተክሊል ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና የለም ብለው ነው የተጋባነው። አሁን የመጀመሪያ ልጃችንን ወለድኩ። ሴት ናት። ፀጉሯም ቆዳዋም ነጭ ነው። ሐኪሙ አልቢኖ ናት አለን። አማቴ የአያት እርግማን ነው ይላሉ። ጎረቤት የሚጠረጥረው እኔን ነው። ባለቤቴ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ግን ዝምታ አብዝቷል። ሰማንያ ቀኗ ሊደርስ ስለሆነ ክርስትናው ያለ እንግዳ ይሁን እየተባለ ነው። ደሴ የሚማረው ወንድሜ «የጂን ጉዳይ ነው፤ ሕዝብም በትውልድ ብዛት ይለወጣል» እያለ ያስረዳኛል። አማቴ ደግሞ ትምህርቱ እምነቱን አስጣለው ይላሉ። መምህር፣ ኃጢአቴ ምን ይሆን? ሌላ ልጅስ ልውለድ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ይህን በደስታ ያለሽ ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እኔ ልበልሽ።

ኃጢአትሽ ምን እንደሆነ ጠይቀሻል። የልጅሽ ቆዳ የኃጢአት ደመወዝ አይደለም። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ከማኅፀን ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው አይተው ጌታን ያንቺን ጥያቄ ጠይቀውታል። ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? አሉት። ጌታም እርሱም ወላጆቹም አይደሉም፣ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ ነው አላቸው። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ አለልሽ። ባለቤትሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ያንብብልሽ።

አማትሽ ምናልባት ከኦሪት ይጠቅሱ ይሆናል። የአባቶች ኃጢአት በልጆች ላይ የሚለውን ማለቴ ነው። ነገር ግን ነቢዩ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ላይ ሰዎች እንደ ተረት የሚናገሩትን ነገር እግዚአብሔር ሲሽረው እናነባለን። አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ ይሉ ነበር። ከእንግዲህ አትበሉት ተባሉ። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም።

እኔም ዲያቆን ሳለሁ፣ በላስታ በኩል በአንድ ሰንበቴ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ስለወለዱ ባልና ሚስት ሲወራ «ንስሐ ይግቡ» ብዬ ነበር። እናትየው ቃሉ ደርሷት አለቀሰች። ይቅርታ የጠየቅኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ንስሐ ሁላችንም እንገባለን። ግን ልጇን ስለወለደች ንስሐ የምትገባ እናት የለችም።

አሁን ወደ ጎረቤት ሐሜት እንምጣ። መጽሐፈ ሔኖክን የጠበቀችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። መጨረሻው አካባቢ ስለ ኖኅ መወለድ ይናገራል። ሕፃኑ ሰውነቱ እንደ በረዶ ነጭ፣ እንደ ጽጌረዳም ቀይ ነበር። ፀጉሩ እንደ ባዘቶ ነጭ ነበር። አባቱ ላሜህ ደነገጠ። ይህ ከእኔ አይደለም ብሎ ፈራ። ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሄደ፣ ማቱሳላም ወደ ሔኖክ ሄደ። የመጣው መልስ ልጁ በእውነት የላሜህ ነው የሚል ነበር። ኖኅ እንደ ልጅሽ ነበር እያልኩሽ አይደለም። ያ የራሱ ምሥጢር አለው። እኔን የሚገርመኝ ግን የባለቤትሽን ዝምታ ላሜህ ቀድሞት መኖሩ ነው። ላሜህ ጭንቀቱን በሆዱ አልያዘም፤ ሄዶ ጠየቀ። ባለቤትሽም ይጠይቅ።

ሲጠይቅ ወንድምሽ የሚነግረው ይህን ነው። የሰው ሰውነት የሚሠራበት መመሪያ ጂን ይባላል። ሰው ወደ 20,000 ገደማ ጂን አለው። አብዛኛውን ጂን ሁለት ሁለት አድርገን ነው የያዝነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን የሚያጠቁረው ቀለም ሜላኒን ይባላል። ሜላኒን ለማዘጋጀት ከሚሠሩት ጂኖች አንዱ በአንድ በኩል ቢበላሽ ሌላኛው ይሸፍነዋል። ሰውየው ጠይም ሆኖ ይኖራል፤ ምንም ምልክት የለውም። ተሸካሚ ይባላል። አንቺም ባለቤትሽም እንደዚያ ናችሁ። ልጃችሁ ከሁለታችሁም የተበላሸው ደረሳት። ከአንቺ ብቻ ቢመጣ ኖሮ እንደ እናንተ ጠይም ትሆን ነበር። እንግዲህ ጎረቤት በሐሜት ጣቱን የቀሰረበት ቆዳ የእናትንም የአባትንም ድርሻ ይዟል።

ይህን ሕግ መጀመሪያ ቆጥሮ ያገኘው መነኩሴ ነው። ግሪጎር ሜንዴል ይባላል። የካቶሊክ መነኩሴ ነበር። ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ በምትባል ከተማ፣ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ይዘራ ነበር። ድቡልቡሉን አተር ከጭምዳዳው ጋር አዳቀለ። በመጀመሪያው ትውልድ ጭምዳዳው ጠፋ፤ ሁሉም ድቡልቡል ሆነ። እነዚያን መልሶ ሲዘራ ግን የጠፋው ተመልሶ መጣ። ፍሬውን አንድ በአንድ ቆጠረው። 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 ጭምዳዳ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው። በ1866 እ.ኤ.አ. አሳተመው፤ ዓለም ልብ ያለው ግን በ1900 ነው፣ እርሱ ካረፈ በኋላ። አንድ መነኩሴ ከጸሎቱ ተርፎ ሰባት ሺህ ፍሬ አተር ሲቆጥር ሳስብ ደስ ይለኛል።

አማትሽ ይህን በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል። ቡና ሲፈላ ሁለት ስኒ አምጪ። በእያንዳንዱ ስኒ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ቦሎቄ አድርጊ። አንዱ ስኒ አንቺ ነሽ፣ ሌላው ባለቤትሽ። አማትሽ ሳያዩ ከየስኒው አንድ አንድ ያውጡ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጥቁር ከሆነ ልጁ ጠይም ነው። ሁለቱም ነጭ ከወጡ እንደ ልጅሽ ነው። ቦሎቄውን መልሰው፣ አርባ ጊዜ ያህል ያውጡ። ወደ አሥር ጊዜ ገደማ ሁለቱም ነጭ ይወጣል።

ሌላ ልጅ ልውለድ ወይ ላልሽው መልሱ እዚህ ስኒ ውስጥ አለ። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። ቦሎቄው ያለፈውን አያስታውስም። አንዷ ነጭ ስለሆነች ቀጣዮቹ ሦስቱ ጠይም ይሆናሉ ማለት አይደለም። ቀጣይዋም ነጭ ትሆናለች ማለትም አይደለም። መውለድ አለመውለዱን ከባለቤትሽና ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሩ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ልጅ እንዳይወለድ ብላ አትከለክልሽም።

«ታዲያ ሰባት ቤት መቁጠሩ ምን ጠቀመ?» ትይኝ ይሆናል። በጣም ጠቅሟል። የአክስትና የአጎት ልጆች በአማካይ ከጂናቸው አንድ ስምንተኛውን ይጋራሉ። የእነሱ ልጆች አንድ ሠላሳ ሁለተኛ። ከዚያ አንድ መቶ ሃያ ስምንተኛ። በሰባተኛው ቤት ላይ ባሉ ባልና ሚስት የሚገናኙ ሰዎች የሚጋሩት ከ8,192 አንድ ብቻ ነው። አባቶቻችን ሥርዓቱን ያቆዩት የዝምድናን ክብር ለመጠበቅ ነው። ስለ ጂን አስበው ነው ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን ብዙ ቤት ከብዙ ሐዘን ድኖበታል።

ቆጠራው የማይደርስበት ግን አለ። አንዳንድ ጂን ከሰባት ቤት በላይ ዕድሜ አለው። ሰባት ቤት ላይ 128 አያቶች አሉሽ። ሃያ ቤት ብትቆጥሪ፣ ይህም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነበሩበት፣ ግማደ መስቀሉ ግሸን ገባ በሚባልበት ዘመን አካባቢ ነው፣ የአያት ቦታው ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ያን ያህል ሰው ከየት ይመጣል? ያው ሰው በብዙ በኩል ተደጋግሞ ይመጣል እንጂ። ያንቺም የባለቤትሽም ያማትሽም አያቶች እዚያ ይገናኛሉ። የወሎ ሰው ዘሩን ሲቆጥር እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ቤት ሲወጣ አይተሻል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች አልቢኒዝም ከ5,000 እስከ 15,000 ሰው በአንዱ ይገኛል። ከ5,000 አንድ ብንል ተሸካሚው ከ35 ሰው አንዱ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ 200 ሰው ቢቆም አምስት ወይም ስድስቱ ተሸካሚ ናቸው። ማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ልሆን እችላለሁ። አማትሽም ሊሆኑ ይችላሉ።

ወንድምሽ «ሕዝብ ይለወጣል» ያለውም እውነት ነው። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ዛላውን መርጦ ለዘር ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅላል። በየዓመቱ ይመርጣል። አንዱ አገዳ ራሱን አይለውጥም፤ የበቀለውን ሆኖ ይሞታል። እርሻው ግን ትውልድ እየተቆጠረ ይለወጣል። ድርቅ የሚችለው፣ ወፍ የማይወደው፣ እሸቱ የሚጣፍጠው ይበዛል። ገበሬው የሚመርጠውን ያህል ብርዱም፣ ወባውም፣ ፀሐዩም ይመርጣሉ። ፀሐይ በሚበረታበት አገር ጠይም ቆዳ የበዛውም በዚሁ መንገድ ነው።

ወተት በጉንጬ የሚባለውን ማሽላ ታውቂው ይሆናል። ፍሬው ሙሉ አይደለም፤ ጨምደድ ያለ ነው። ምርቱም አነስ ይላል። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ ጋር ደባልቆ እየዘራ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ከወሎ ከሄደ ማሽላ መካከል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው እጅግ የበዛበትን አገኙ። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ ማዘጋጀት አይችልም፣ ከምግብ ነው የሚያገኘው። ይህን ጠባይ የሚሰጠው ጂን ልክ እንደ ልጅሽ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ካልመጣ አይታይም። የወሎ ገበሬ ግን ጨምዳዳ ነው ብሎ አልነቀለውም። ስም አወጣለት። ያውም ምን የመሰለ ስም!

ሕዝብ የሚለወጠው በመመረጥ ብቻም አይደለም። ጥቂት ሆኖ ተነጥሎ የቀረ ደግሞ በዕድል ይለወጣል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች አስቢ። ጥቂት ናቸው። ከሌላው ተራራ ቀበሮ ጋር አይገናኙም። ሳይፈልጉ ዘመድ ከዘመድ ይዋለዳል፤ የተደበቀው ጂንም በጥንድ ይወጣል። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ሙሽራ ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል። ቀበሮው መሻገሪያ አጥቷል።

ስለዚህ አማትሽን በአክብሮት ንገሪያቸው። ወንድምሽ ይህን በመማሩ እምነቱን አልጣለም። ሳይንሱ ከዚህም አልፎ ፍጥረት ሁሉ በሥጋ የተዛመደ ነው ይላል፤ ማስረጃውንም ያቀርባል። ወንድምሽ ያንንም በደንብ ይማረው፣ በፈተናም በሐቅ ይመልሰው። እኔ የማስተምረው ሰው በእግዚአብሔር አርአያ መፈጠሩን ነው። ይህን ደግሞ በአጉሊ መነጽር አይፈልገውም፤ በእኅቱ ልጅ ፊት ላይ ይየው።

አሁን ስለ ልጅሽ አያያዝ ልንገርሽ። ይህ ለምጽ አይደለም፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። በኦሪት ስለ ለምጽ የተጻፈውን ሰው ቢጠቅስብሽ አትስሚው። ወደ ጸበል ውሰጃት፣ ለበረከት። ቀለሟ እስኪለወጥ ተብሎ ግን ሕፃን በብርድ አይንገላታም። ከሁሉ በላይ ፀሐይ ጠላቷ ነው። ሕፃን ቅቤ ተቀብቶ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል የሚለው ልማዳችን ለእርሷ አይሆንም። ቆዳዋ ይቃጠላል፤ ውሎ አድሮ ለካንሰር ይዳርጋታል። እስከ ስድስት ወሯ ጥላ ውስጥ፣ በልብስ ተሸፍና ትቆይ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚያዝላትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተጠቀሙ። ቫይታሚን ዲ እንዴት እንደምታገኝም ጠይቂው። ዓይኗን ቶሎ አስመርምሪ። ዓይኗ ሊርገበገብ ይችላል፣ ብርሃንም ይከብዳታል፣ ሩቅ ማየት ያስቸግራታል። አእምሮዋ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ከፊት ወንበር ትቀመጥ። መስከረም 21 ግሸን ይዛችኋት ስትወጡ ጃንጥላ አይለያችሁ።

ክርስትናዋ በጓዳ አይሁን። ሰማንያ ቀኗ የሚውልበትን ቀን ለንስሐ አባትሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ጥሩ፤ ያማውም ይምጣ። በዚያ ቀን ልጅቷን አቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው አባቷ ይሁን።