መልስ፦ ጥቁር አፈር ሁሉ ዋልካ አይደለም

ወንድሜ፣ «በጮ ያለው ማሳዬ ጥቁር ነው፤ ያለ ላቦራቶሪ ዋልካ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለሃል። ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው። በቀለም ብቻ አትፍረድ። ብስባሽ የበዛበት አፈርም ይጠቁራል።

ግማሽ እፍኝ አፈር ውሰድ። ጠጠሩንና ሥሩን ልቀም። ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግክ እንደ ሊጥ እሸው። ከዚያ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል እየተጫንክ እንደ ጥብጣብ ግፋው። ገና ሁለት ሳንቲሜትር ሳይሞላ ከተቆረጠ ሸክላው (በጣም ደቃቁ የአፈር ክፍል) ጥቂት ነው። ከአምስት ሳንቲሜትር በላይ ሳይበጠስ ከሄደ ግን ሸክላው ብዙ ነው።

ችግሩ ቀይ አፈርም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቆፍር። በበጋ ይሁን! እኔ በክረምት ሞክሬ አንዱን ቦቲ ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ትቼ ነው የወጣሁት። በበጋ ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ ወርዱንና ጥልቀቱን ለካ። የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ፈልቀቅ አድርገው። በዘይት የተወለወለ የሚመስል፣ ሰያፍ፣ ጫር ጫር ያለበት ገጽ ካየህ አበቃ፤ ዋልካ ነው። አፈሩ ሲረጥብ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተኮማተረ እርስ በርሱ ሲፋተግ የሚፈጥረው ነው። በዓለም አቀፉ ምደባ ቨርቲሶል የሚባለው ይኸው ነው።

ቀለሙን በመንሰል ሰሌዳ (የአፈር ቀለም ማነጻጸሪያ) የምታነብ ከሆነ አርጥበህ አንብብ፤ ደረቁ ፈዘዝ ብሎ ያሳስትሃል።

የአካባቢውን ገበሬዎችም ጠይቅ። «ኮቲቻ» (የዋልካ የኦሮምኛ ስም) ካሉህ ግማሹን ሥራ ጨርሰውልሃል። የጉድጓዱን ፎቶ ለጥፍልንና እንየው።