ከዋቱ በፊት ጭሱን፦ ለቆዳ ሥራ ሌዘር ስለመምረጥ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳና የደብተር ሽፋን የምንሠራ ሰዎች በተገናኘን ቁጥር ወሬው በብርሃን ቆዳ ወደሚቀርጸው ሌዘር ማሽን መዞር ከጀመረ ሰንብቷል። ሁለት ማሽን ገዝቼ አንዱን በገዛ እጄ ስላበላሸሁ፣ በሌላው ደግሞ እስከ ዛሬ እንጀራዬን ስለምጋግርበት ጥያቄው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደክም ያላችሁን ሁሉ ጠይቁ አልኩ። የመጣው እነሆ።

ጥያቄ፦ እታለም፣ እኔ ፋሲሎ አካባቢ ቀበቶና የኪስ ቦርሳ እሠራለሁ። አንዱ ነጋዴ 40 ዋት ግዛ ይለኛል፣ ሌላው 10 ዋት ይበቃሃል ይለኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ዕቃ ላይሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ክፍትና ርካሹ ማሽን ዳዮድ ሌዘር ይባላል። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱም 450 ናኖሜትር ገደማ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሌዘሩ ራስ ብቻውን የሚበላው ኤሌክትሪክ እንጂ ቆዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን አይደለም። «40 ዋት» ተብሎ የተሸጠው በብርሃን ሲለካ 5 ወይም 10 ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ነጋዴውን «የብርሃኑ ዋት ስንት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ከተንተባተበ ሻይህን ጠጥተህ ውጣ።

ሁለተኛው ዓይነት በመስታወት ቱቦ ውስጥ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራው ነው። የእሱ ሞገድ 10.6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ነጭም ጥቁርም ቆዳ እኩል ይቀበለዋል። ዳዮዱ ግን ጥቁሩን በቶሎ ያቃጥላል፣ ነጣ ያለውን ለመቅረጽ ያዘግማል። የቱቦው 40 ዋት እውነተኛ የብርሃን 40 ዋት ወይም ለዚያ የቀረበ ነው።

ስምና ዓርማ ለመቅረጽ ብቻ ከሆነ የብርሃን 5 ዋት ይበቃል፣ 10 ዋት ደግሞ ያዝናናል። እኔ ግን ከዋቱ በፊት ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ፦ ቆዳህ ምንድን ነው? ጭሱስ የት ይወጣል? ለእነዚህ መልስ ከሌለህ ገና ማሽን አትግዛ።

ጥያቄ፦ ቆዳ ቆዳ አይደለም እንዴ? ምን ለውጥ አለው?

መልስ፦ ትልቅ ለውጥ አለው። ከገበያ የምንገዛው ለስላሳ የበግና የፍየል ቆዳ አብዛኛው ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የተለፋ ነው። ለጫማ ሶልና ለጠንካራ ቀበቶ የሚሆነው ወፍራሙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእጽዋት የተለፋ ነው። በእጽዋት የተለፋው በሌዘር ሲነካ ቡና የመሰለ ጥርት ያለ ቅርጽ ይሰጣል። በክሮም የተለፋው ግን ግራጫ አመድ ይተፋል፣ ቅርጹም ደብዛዛ ይሆናል፣ ስሱ የበግ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ይኮማተራል።

ለመለየት ጠርዙን በምላጭ ቁረጡና መሐሉን እዩ። ወደ ሰማያዊና ግራጫ ካደላ ክሮም ነው፤ ውስጡ ድረስ ቡናማ ከሆነ የእጽዋት መሆኑ አይቀርም። ቀለም የተነከረ ሆኖ ካሳሳታችሁ ጣት የሚያህል ቁራጭ የፈላ ውኃ ውስጥ ጣሉ። የእጽዋቱ ወዲያው ተጨማዶ እንደ ቆርበት ይደርቃል፣ ክሮሙ ፍላቱን ችሎ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለውበቱ ብዬ ብቻ አይደለም። በቆዳው ውስጥ ያለው ክሮም እንዳለ ብዙም አይጎዳም፤ ሲቃጠል ግን ከፊሉ ባለ ስድስት ክሮም ወደሚባለው ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፣ ያ ደግሞ ካንሰር አምጪ ነው። ስለዚህ ክሮም ቆዳ የምትቀርጹ ሰዎች ጭሱ ቱቦ ተበጅቶለት በማራገቢያ ወደ ውጭ፣ ከሰው መስኮት ርቆ ይውጣ። መስኮት ከፍቶ መሥራት ጭስ ማውጣት አይደለም። ከጣና ነፋስ ሲነሳ ጭሱ ተመልሶ አፍንጫችሁ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ቀምሼዋለሁ። የጨርቅ ጭምብልም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ ርካሽ ስለሚፈልጉ ሰው ሠራሽ ቆዳም እጠቀማለሁ። እሱንስ?

መልስ፦ ፕላስቲኩ ፒቪሲ ከሆነ በፍጹም። የመጀመሪያውን ማሽኔን ያበላሸሁት በዚህ ነው። አንድ ነጋዴ «ንጹሕ ቆዳ ነው» ብሎ የሸጠልኝን ጥቅል አምኜ 60 የቁልፍ መያዣ ቀረጽኩበት። በማግስቱ ጉሮሮዬ ቆስሎ ተነሳሁ። ከሳምንት በኋላ የማሽኑ ሐዲድና ዘንጎች ዝገው አገኘኋቸው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል፤ እሱ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ነው። ሳንባም ብረትም አይምርም።

መመርመሪያው ቀላል ነው። የመዳብ ሽቦ በእሳት አግላችሁ የጨርቁን ፊት አስነኩት፣ የተጣበቀበትን ይዛችሁ ወደ እሳቱ መልሱት። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው ማለት ነው፤ ያን ዕቃ ማሽን አታስጠጉት። ምርመራውን ከቤት ውጭ አድርጉት። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ዓይነት አረንጓዴ አያወጣም፣ ሊቀረጽም ይችላል። የእሱም ጭስ ግን ደግ አይደለም።

ጥያቄ፦ መብራት ሥራ መሐል ሲጠፋስ?

መልስ፦ ኧረ ይህን ማን ጠየቀ? በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለሚደረግ ስብሰባ 40 የደብተር ሽፋን እየቀረጽኩ 27ኛው ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ከመጀመሪያው አስነሳሁት። ቅርጹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ስላረፈ የሰውየው ስም ጠጅ የጠጣ ሰው እንዳነበበው ሆነ። ያ ሽፋን እስከ ዛሬ የእኔ የወጪ መመዝገቢያ ነው።

ዳዮድ ማሽን በጠቅላላው 100 ዋት ገደማ ስለሚበላ ለኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ባትሪ) የጀመራችሁትን አንድ ቁራጭ ለመጨረስ ይበቃዋል። ባለ ቱቦው ግን ከውኃ ፓምፑ፣ ከአየር ኮምፕሬሰሩና ከጭስ ማራገቢያው ጋር ሲደመር ብዙ እጥፍ ይበላል። ዋናው አደጋም ሌላ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ ሳይነሳ ሌዘሩ ከሠራ ቱቦው በደቂቃዎች ውስጥ ይሰነጠቃል። ውኃ ካልፈሰሰ ሌዘሩን የሚያግድ መቆጣጠሪያ ያለውን ማሽን ብቻ ግዙ። በተጨማሪም የቱቦው ኃይል አቅራቢ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ላይ አትሰኩት። ብዙ የኪራይ ቤቶች የመሬት ሽቦ የላቸውም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አስፈትሹ።

ጥያቄ፦ እኔ ሽምብጥ ነኝ፣ ሐይቁ ቅርቤ ነው። ለቱቦው ማቀዝቀዣ የጣናን ውኃ ብጠቀም ምን ይለኛል?

መልስ፦ እምቦጭ በቱቦህ ውስጥ ታበቅላለህ! ቀልዱን ልተወውና፣ የሐይቅም የቧንቧም ውኃ ማዕድንና አልጌ አለው። አልጌው ቱቦውን ይዘጋል፣ ማዕድኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ተጠቀም፤ አሲዱን ሳይሆን ውኃውን። ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እዚህ ፓምፑ የሚስብበት የባልዲ ውኃ ሳይሠራበትም ከዚያ ያልፋል። ያኔ በፍሪጅ የበረደ በረዶ ያለበት ጠርሙስ ከነክዳኑ ባልዲው ውስጥ አስቀምጥ፣ ወይም ጠዋት ሥራ። እኔ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ስፌት እሰፋለሁ እንጂ ቱቦ አላስነሳም።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊደል ሲቀረጽ ይጨማደድብኛል።

መልስ፦ ከማሽኑ ይልቅ መጠኑን ጠርጥሩ። የእኛ ፊደል ቀለበትና ቅጥያ የበዛበት ነው፤ ቁመቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያንስ የ«ሬ» ቀለበት ይደፈናል፣ «ሰ» እና «ስ» ይመሳሰላሉ። ወፈር ያለ ፊደልም አትምረጡ፣ ሲቃጠል ራሱ ይወፍራል። ጽሑፉን ኢንክስኬፕ በሚባለው ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ጽፋችሁ ወደ መስመር ቅርጽ ቀይሩት፤ ያለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ወደ አራት ማዕዘን ሳጥን ይለወጣል። ከዚያም የደንበኛውን ስም በወረቀት አትማችሁ አስፈርሙት። «ኃይሌ» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ሀይሌ» ተቀርጾለት ሲያገኝ ቆዳውን አይረከብም፣ ልክም ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የዘጌ ሰው ነኝ፣ ለእንግዶች ማኅደርና የመስቀል ቅርጽ ያለው ሽፋን እሸጣለሁ። በጥንቶቹ የብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ እንዳለው ዓይነት በዚህ ማሽን ይወጣል?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አይወጣም። የጥንቶቹ ሽፋኖች ጌጥ በጋለ ብረት ተጭኖ የተሠራ ነው። ብረቱ ቆዳውን ያጎደጉደዋል እንጂ አያነሳውም፤ ለዚህም ነው ጣትዎን ሲያሳልፉበት ጉድጓዱ ለስልሶና አብረቅርቆ የሚያገኙት። ሌዘር ግን የቆዳውን ፊት አቃጥሎ ያነሳል። ጉድጓዱ ሻካራ ይሆናል፣ ፍርፋሪም ይተዋል። ከሩቅ ይመሳሰላሉ፣ በእጅ ሲያዙ ይለያያሉ፤ ሽፋን ደግሞ በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ሌዘሩ የሚጠቅምዎ ንድፉን በስሱ ለማስመር ነው። መስመሩ ከወጣ በኋላ በጋለው ብረትዎ ይከተሉት፤ ልጆችም ሥራውን በዚያ መንገድ ይማሩበታል። ብራናው ላይ ግን አይሞክሩት። ብራና ያልተለፋ ቆዳ ስለሆነ ይጠቀለላል፣ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል።

ጥያቄ፦ የራሴን የሱቅ ዓርማ ብቻ ነው የማሳርፈው። ያዋጣኛል?

መልስ፦ አያዋጣህም። የነሐስ ማኅተም አስቀርጽና በሙቀት ተጫን፤ በቀን መቶ ትመታለህ፣ ጭስም የለው። ሌዘር የሚያዋጣው እያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ስም ሲኖረው ነው፦ የምርቃት ስጦታ፣ የሠርግ ማስታወሻ፣ የስብሰባ ደብተር። እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ከተማችን ውስጥ ያሉ የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች ጋር ሂድ፤ አንዳንዶቹ ባለ ቱቦ ማሽን አላቸው፣ በቁራጭ ያስከፍሉሃል። ሦስት ወር እንዲህ ሥራና የከፈልከውን ደምር። ድምሩ የማሽን ዋጋ ሩቡን ካልነካ ቆይ። ዋጋውንም እኔን አትጠይቁኝ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምናገረው ነገ ያሳፍረኛል።

ጥያቄ፦ የቀበቶውን ዘለበትም በዚያው ማሽን ልቅረጽ?

መልስ፦ ብረት የሚቀርጸው ፋይበር ሌዘር የሚባለው ሌላ ማሽን ነው፤ ለቆዳ ብላችሁ አትግዙት።

ጥያቄ፦ ቆዳ ይቆርጥልኛል?

መልስ፦ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ግን ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉም የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ላይ ይገኛል። እኔ የምቆርጠው በቢላዋ ነው።

ጥያቄ፦ የፀሐይ መነጽር ለዓይን ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ይህን ጥያቄ ሦስት ሰው ስለጠየቀኝ ድምፄን ከፍ ላድርግ። የሰማያዊው ብርሃን ነጸብራቅ፣ ከሚያብለጨልጭ ዘለበት ላይ ቢመለስ እንኳ፣ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ያቃጥላል። መነጽሩ ላይ ማሽናችሁ የሚያወጣው የሞገድ ርዝመት በቁጥር ተጽፎ መገኘት አለበት። ክፍት ማሽን ያላችሁ፣ ልጆች የሚገቡበት ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ መክደኛ ሥሩለት ወይም ክዳን ያለውን ግዙ። ማሽኑ እየሠራ ጥላችሁት ቡና ልትጠጡ አትሂዱ፤ ቆዳው ባይነድ ከሥሩ ያለው ካርቶን ይነድዳል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያገለገለ ባለ ቱቦ ማሽን አግኝቻለሁ። ምን ልይ?

መልስ፦ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ቀን እይ፤ ባይሠራበትም ጋዙ በጊዜ ብዛት ያልቃል። ሲበራ ውስጡ ወይን ጠጅ ወደ ሮዝ ያደላ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጣ ካለ ሞቷል። የራስህን ቆዳ ይዘህ ሂድና ግማሽ ሰዓት አሠራው፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅርጽ ጎን ለጎን አስተያይ። ከተስማማህ ቱቦውን ከማሽኑ አስፈትተህ በስፖንጅ ጠቅልለው። የአባይ በረሃ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ላይ ከማሽኑ ጋር አትጫነው። አውቶቡስ ውስጥ ጭንህ ላይ ይዘኸው ና።