«እናቴን ማስኩ እያፈናት ነው፤ ወረቀት ይጻፉልኝ»

(ይህ ጥያቄና መልስ የተጻፈው በ2013 ዓ.ም.፣ የኮሮና ወረርሽኝ በነበረበትና መንግሥት ቤት ያለ ማስክ በማይገባበት ጊዜ ነው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከድሮም ያስላታል። አስም ነው ይባላል እንጂ ተመርምራ አታውቅም። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሳሉ ብሶባታል። የይዞታ ጉዳይ ስላላት ቀበሌ ትመላለሳለች። ያለ ማስክ አያስገቡም። ስታደርገው ደግሞ ትታፈናለች። በቀደም ደረጃው ላይ አዙሯት ቁጭ አለች። ጥበቃው «የሐኪም ወረቀት ካመጣችሁ ያለ ማስክ ትገባለች» አለን። ሰዉ ማስክ የራስን መጥፎ አየር መልሶ ያስተነፍሳል ይላል። እንደኛ ያለ ደጋ አገር ደግሞ ኦክስጅኑ ትንሽ ስለሆነ ልብ ያቆማል ይባላል። እውነት ነው? አሞክሳሲሊን ሁለት ጊዜ ገዝቼላታለሁ፤ ትንሽ ሲሻላት ታቆመዋለች። የጎረቤታችንን የሚነፋ የአስም መድኃኒት ስትስብ ይቀላታል። ማታ ማታ ባሕር ዛፍ ትታጠናለች። ወረቀቱን ቢጽፉልኝ? ሆስፒታል እንዳልወስዳት ኮሮና ነው ብለው ይዘው ያስቀሩብኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ማስክ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እንደርስዎ የሚፈራ ቤተሰብ ብዙ ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። በሽታው መጋቢት 2012 አገራችን ሲገባ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወደ ማዕከል ይወሰድ ነበር። ቀብሩም በጥቂት ሰው ነበር። ለቅሶ አለመድረስ ቂም በሚያሲዝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ግን አሠራሩ ተቀይሯል። ሕመሙ ቀላል የሆነበት ሰው ቤቱ የሚመች ከሆነ እዚያው ተለይቶ ክትትል ይደረግለታል። የሚተኛው የጠናበት ነው። የሚተኛውም ኦክስጅን እንዲያገኝ ነው። እናትዎን ማንም አይነጥቅዎትም። ደግሞም ገና ኮሮና ይኑርባቸው አይኑርባቸው አናውቅም። በደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ማስኩ። ማስክ ኦክስጅን አይከለክልም። የተነፈሱትን አየርም አያጠራቅምም። ኦክስጅንም ሆነ የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በክሮቹ መካከልም በጎንም ይወጣል፣ ይገባል። ማስኩ የሚይዘው ስንናገር፣ ስናስልና ስናስነጥስ የሚረጨውን ጠብታ ነው። ቫይረሱ የሚጓዘው በዚያ ተሳፍሮ ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ ማስክ አጥልቀው ለሰዓታት ይቆማሉ። ስፌታቸውን አይስቱም።

የደጋውን ነገር ግን እንዲሁ አላልፈውም። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ወሬው እንዲህ የሚሮጠው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚገባ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሚኒባስ ውስጥ «ልቤ ቆመ፣ አውርዱኝ» ያለ መንገደኛ ሰምተው ያውቃሉ? ጤነኛ ሰውነት ትንፋሹን ትንሽ ጨምሮ ያካክሰዋል። ማስክ የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ ዳገት ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። እናትዎ ደግሞ የደጋ ሰው ከሆኑ ሳንባቸው ይህን አየር ለምዶታል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በጥር ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በሩን ዘግቶ፣ በጨርቅ ወትፎ የሚተኛ ሰው ማስክ ያፍነኛል ይላል። በከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው በእውነት ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ የሚነጥቀው። ሽታ የለውም። ተኝተው ሳሉ ነው የሚገድለው። አፍኖ የሚገድል ነገር ለሚፈራ ቤተሰብ የምመክረው ዛሬ ማታ ከሰሉን ከመኝታ ቤት እንዲያወጣ ነው። እናትዎም ከሚተኙበት ክፍል ይውጣ። ወደ ኮሪደርም አይደለም፤ ደጅ ይውጣ።

እንግዲያስ ለምን ይታፈናሉ? ማስክ ምቾት ይነሳል፤ ይህን አልክድም። ፊት ይሞቃል። በትንፋሽ የረጠበ ማስክ አየር ለማሳለፍ ይከብዳል። ስለዚህ ትርፍ ይዞ መውጣትና ሲረጥብ መቀየር ነው። የጨርቅ ከሆነ ሦስት ድርብ ይሁን፤ ታጥቦ ይድረቅ። ነጠላ አፍንጫ ላይ ጣል ማድረግ ግን ስስ ነው፤ ደግሞ ይንሸራተታል። ጭንቀትም አለ። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደግሞ ያዞረዋል። ጥበቃው እየተቆጣ፣ ሰልፉ እየገፋ፣ ደረጃውን ቸኩሎ የወጣ ማንኛውም ሰው ሊያዞረው ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን የእናትዎን ነገር አይጨርሰውም። ደረጃ ላይ ቁጭ ያሉት ሳንባቸው ከማስኩ በፊት ስለታመመ ነው። ማስኩ ያሳበቀባቸው ብቻ ነው።

ስንት ዓመት ኩበት አንድደው እንጀራ ጋገሩ? በእኛ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐኪም ግማሽ ምርመራ ነው ያደረገው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ የተዋጠ ጭስ ሲጋራ ሳያጨሱ የአጫሽ ሳንባ ይሰጣል። የአየር ቧንቧው ይጠባል። ሳሉ የሰውየው ጠባይ እስኪመስል ይለመዳል። «ከድሮም ያስላታል» ያሉኝን ሳነብ የታየኝ ይኸው ነው። አስምም ሊሆን ይችላል። የሚነፋው መድኃኒት ቀለል ማድረጉ ለሐኪም ጥሩ ፍንጭ ነው። ሁለቱም ይታከማሉ። እናትዎ ዳገት የሚያስወጣ ትንፋሽ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምነግርዎ።

ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ የባሰ ሳል እንደ ድሮው ሳል አይታይም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቲቢ ነው የምልዎ። ሌሊት ያልባቸዋል? ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል? አክታው ላይ ደም አይተዋል? አንዱ እንኳ ካለ ነገ አይባልም። ባይኖርም ሳሉ ራሱ ይበቃል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ሳል ኮሮና ሆኗል። ሰው ኮሮና እንዳይባል ሳሉን ይደብቃል። የተደበቀው ቲቢ ደግሞ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ይይዛል።

ስለ አሞክሳሲሊኑ ለስለስ ብዬ ለመጻፍ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ማን አዘዘው? ሁለት ጊዜ ተጀምሮ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ ከሆነ አይነካውም። ባክቴሪያ ከሆነ ደግሞ ግማሽ መድኃኒት ጀርሙን ማለማመድ ነው። ቀን ቀንን ሲበላ አንድ ወር አለፈ። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ፋርማሲም ከእርስዎ ያላነሰ ጥፋተኛ ነው። እባክዎ ሦስተኛ እንዳይገዙ።

የጎረቤት መድኃኒት መዋሱም ይቁም። ልብ ይበሉ፣ ማስክ አደገኛ ነው ብለው የፈሩ ሰዎች በወረርሽኝ መሃል ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ ፕላስቲክ እየተቀባበሉ ነው። ባሕር ዛፉንም ይተዉት። የጠበበ ቧንቧ ላለው ሰው ጠንካራ ሽታና እንፋሎት ሳሉን ይቀሰቅሰዋል። በፈላ ውሃ የተቃጠለም ብዙ ነው። ዝንጅብል በማር ከወደዱ ይጠጡ፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል። መድኃኒት ነው ግን አይበሉኝ።

የሚከተለውን ደግሞ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። እናትዎ ማስክ ሳያደርጉ፣ ቁጭ ብለው ሳሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ካቆሙ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ንግግር ካምታታባቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ቀጠሮ አይጠብቁ። ሲያርፉ ሰዓት ይዘው ትንፋሻቸውን ይቁጠሩ። በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ወደ 8335 ቢደውሉም ምክር ያገኛሉ፤ ነጻ መስመር ነው። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝታችሁ ከሆነ ቁጥሩን ብቻችሁን አትተርጉሙት። እኛ አገር ደጋ ላይ ጤነኛ ሰውም ቁጥሩ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ሊልበት ይችላል። አንዱ በ93 በመቶ ይደነግጣል፤ ሌላው በ85 በመቶ «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ይተኛል። የሁለተኛው ነው የሚያስፈራኝ።

ደንቡን በተመለከተ፣ ጥበቃውን አይቀየሙት። ከራሱ ያመጣው አይደለም። ለኮሮና የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አምስት ወር ቆይቶ ሲያበቃ የኮሮና መከላከያ መመሪያ ቁጥር 30/2013 ተተካ። ማስኩም ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቁም እዚያ ያለ ነው። የመተንፈስ ችግሩ በሐኪም ማስረጃ ለተረጋገጠበት ሰውም መመሪያው ቦታ ትቷል። ጥበቃው የነገረዎት እሱን ነው።

ደንቡን የሚያበላሸው አፈጻጸሙ ነው። በር ላይ ከሚወጣው ሰው ማስክ ተቀብሎ አጥልቆ የሚገባ ባለጉዳይ አይቻለሁ። ያገለገለ ማስክ መዋዋስ ምንም ካለማድረግ ይብሳል። ከጥበቃው ካለፉ በኋላ ወደ አገጭ ማውረድም አለ። መስኮቱ በብርድ ምክንያት ተዘግቶ አርባ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይታጨቃል። የቢሮ ኃላፊ ይህን የሚያነብ ካለ መስኮቱን ይክፈት፤ ሰልፉን ፀሐይ ላይ ያድርገው። ብርዱን በጋቢ እንችለዋለን።

ወረቀቱን አልጽፍልዎም። ያላየሁትን ሰው አልመሰክርም። ደግሞ ቢያስቡት፣ ወረቀቱ እናትዎን ከምን ይጠብቃቸዋል? 67 ዓመታቸው ነው፤ ሳንባቸው ደካማ ነው። ኮሮና ሲይዝ የሚበረታው በእንደነሱ ዓይነት ሰው ላይ ነው። ያለ ማስክ ሕዝብ መሃል እንዲቀመጡ የሚፈቅድ ማኅተም ለእሳቸው ጉዳት ነው። የሚመረምራቸው ሐኪም አስፈላጊ ነው ካለ ይጻፍላቸው። ያኔም ቢሆን ቀበሌ ባይሄዱ ይሻላል። ውክልና ይስጡዎትና የይዞታውን ጉዳይ እርስዎ ይጨርሱት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ግን ማስክ ያስፈልጋቸዋል። ጠዋት በር ሲከፈት፣ ሰው ሳይበዛ ይድረሱ። ደረጃ ካለ በየጥቂቱ እያረፉ ይውጡ። ተራ እስኪደርስ ደጅ ተለይተው ይቀመጡ። እዚያ ከሰው ርቀው ማስኩን ዝቅ አድርገው መተንፈስ ይችላሉ።

ከዚህ ሳምንት አያሳልፉት። ለአክታው ምርመራ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚወጣው ይመረጣል። ሳሉ ከጥልቅ፣ ከደረት ይሁን፤ ምራቅ አይጠቅምም። የአሞክሳሲሊኑን ማሸጊያና የጎረቤትዎን መድኃኒት ስም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሲጠይቅ አንድም አይደብቁት፤ ኩበቱንም፣ ባሕር ዛፉንም።