«የታዘዝኩትን ነው የምጽፈው»፦ ስለ ሐሰተኛ ሒሳብና ስለ ቅዱስ ቁርባን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው በሐዋሳ ሲሆን በአንድ የሕንጻ መሣሪያ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከምንሸጠው ብዙው ያለ ደረሰኝ ይወጣል። ወጪያችን የበዛ እንዲመስል ደግሞ ዕቃ ያልገዛንባቸው ደረሰኞች በገንዘብ ተገዝተው ይመጡና መዝገብ ላይ የማሰፍራቸው እኔ ነኝ። አሠሪዬ ደግ ሰው ናቸው፤ በየበዓሉ ከደመወዜ ሌላ «ለድካምህ» ብለው ገንዘብ ይሰጡኛል፤ እኔም ከእርሱ ዐሥራት አወጣለሁ። እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የሚኖሩት በእኔ ደመወዝ ነው። ጓደኞቼ «አንተ የታዘዝከውን ነው የምትጽፈው፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ይሉኛል። ሥጋ ወደሙን መቀበል እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ኅሊናዬ አላረፈም። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ እንዳለሁ ልቁረብ? ጉዳይ እንዲያልቅልን «ለሻይ» ብለን የምንሰጠውስ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ወንድሜ ሆይ፥ ጥያቄህን በግልጽ ስላቀረብህ እኔም በግልጽ እመልስልሃለሁ። ያልተገዛን ዕቃ እንደተገዛ አድርጎ በመዝገብ ማስፈር ኃጢአት ነው፤ በሰው ታዝዞ መደረጉም ኃጢአትነቱን አያስቀረውም። ቤተ ክርስቲያን ግን በግድ የሠራውንና በፈቃዱ የሠራውን፥ ያዘዘውንና የታዘዘውን በአንድ ሚዛን መዝና አታውቅም፤ ስለዚህ የአንተ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት።

በሐዋሳ የሚኖር ሰው ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማዋ በቅዱስ ገብርኤል በዓል ከየአቅጣጫው በሚመጣው ምእመን እንዴት እንደምትሞላ ያውቃል። ሐምሌ 19 የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ፥ ታኅሣሥ 19 ደግሞ መልአኩ ከእሳት ያዳናቸው የሦስቱ ወጣቶች የሠለስቱ ደቂቅ መታሰቢያ ነው። ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ እሳቱ ነው፤ ለአንተ ጥያቄ ግን ከእሳቱ በፊት የነበረው ኑሯቸው ይበልጥ ይጠቅማል። እነዚህ ወጣቶች ምርኮኞች ነበሩ። የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተምረዋል፤ ሲድራቅ፥ ሚሳቅና አብደናጎ ተብለው በባቢሎን ስም ተጠርተዋል፤ በዳንኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 2 እንደተጻፈ በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ ተሹመው ጣዖት የሚያመልክ ንጉሥ አገልግለዋል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሸሹም። በመጀመሪያ የንጉሡን ማዕድ አንበላም አሉ፤ በኋላም ለምስሉ እንዲሰግዱ ሲታዘዙ፥ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፥ ባያድነንም እንኳ ለምስሉ አንሰግድም ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ከእሳቱ ከወጡ በኋላ ወደዚያው ሹመታቸው ነው የተመለሱት። ስለዚህ በማያምን ወይም በሚያጠፋ ሰው ሥር መሥራት በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው «ይህን እጄ አይሠራውም» የምንለው ነገር ጨርሶ ሲጠፋ ነው።

አንተ የምታሰፍረው ደረሰኝ ወረቀት ብቻ ነው እንዳትል በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ወረቀት ከባድ ጥያቄ አስነሥቶ እንደነበር ልንገርህ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ250 ዓ.ም. የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዳክዮስ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና መሠዋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቀው እስከ ዘመናችን ደርሰዋል። የሰውየው ስም፥ የአባቱ ስምና መንደሩ፥ በአንዳንዶቹም ዕድሜውና በሰውነቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር ተጽፎባቸዋል፤ ከዚያም «ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ፤ አሁንም በፊታችሁ ሠውቻለሁ፥ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ» የሚል ቃል ይከተላል፤ ከታች የሹማምንቱ ፊርማ አለ። ከክርስቲያኖች አንዳንዶቹ ሳይሠዉ ወረቀቱን ብቻ በገንዘብ ገዙ። እነርሱም «ለጣዖት አልሠዋንም፤ ልባችን ከክርስቶስ ጋር ነው» ይሉ ነበር። በሰሜን አፍሪካ የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቆጵርያኖስና የዘመኑ አባቶች ይህን ምክንያት እንዳለ አልተቀበሉትም፤ ክርስቲያን በስሙ የተጻፈ ሐሰት ይዞ «ልቤ ንጹሕ ነው» ሊል አይችልምና። ቢሆንም ከሠዉት ጋር እኩል አልቆጠሯቸውም፤ የእያንዳንዱን ነገር መርምረው በንስሐ ተቀበሏቸው። የጓደኞችህ ቃል እንግዲህ አዲስ አይደለም። እግዚአብሔር ልብን ያያል የተባለው ዳዊት ለንግሥና በተመረጠ ጊዜ ነው፤ እጅ የሚሠራውን ለመሸፈን አልተነገረም።

ለአንተ ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ኅዳር 29 የምናስበው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት፥ ተፍጻሜተ ሰማዕት (የሰማዕታት ፍጻሜ) የተባለው ቅዱስ ጴጥሮስ የጻፈው ነው። በሮሙ ንጉሠ ነገሥት በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በተነሣው ስደት ለወደቁት፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ306 ዓ.ም. ቀኖና ሲሠራ አንድ አሳዛኝ ነገር ገጠመው። አንዳንድ ጌቶች ራሳቸው ላለመሠዋት ክርስቲያን አገልጋዮቻቸውን በምትካቸው ልከው ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ ለአገልጋዮቹ የአንድ ዓመት ንስሐ ሰጣቸው፤ ለጌቶቹ ግን ሦስት ዓመት። ጌቶቹ ራሳቸው ማስመሰላቸው ሳያንስ ከእነርሱ ጋር የክርስቶስ ባሪያዎች የሆኑትን አስገድደዋልና፥ የእነርሱም ጌታ በሰማይ እንዳለ የሚለውን የሐዋርያውን ቃል ጠቀሰባቸው። ይህን ፍርድ ባነበብሁ ቁጥር ርኅራኄውም ጥብቅነቱም ያስደንቀኛል። አገልጋዩ ተገዶ ነበር፥ ግን «ተገድጃለሁና ነጻ ነኝ» እንዲል አልተፈቀደለትም፤ የራሱ ንስሐ ነበረው። ጌታውም «እኔ እጄን አላነሣሁም» ብሎ ማምለጥ አልቻለም። የአንተ ድርሻ ያነሰ ነው፥ ግን ድርሻ ነው። የአሠሪህ ደግነትም ጥፋቱን አያቀለውም፤ በበዓል የሚሰጡህ ገንዘብ በደግነት የተሰጠ ቢሆንም እጅህን በዚያ ሥራ ላይ ያጸናዋል።

ስለ «ሻይ» የጠየቅኸውንም ይኸው ቅዱስ አባት ይመልስልሃል። በስደቱ ጊዜ ገንዘብ ከፍለው ከመከራ የዳኑትን አልከሰሳቸውም፤ ነፍሳቸውን ላለማጣት ሀብታቸውን ማጣት መርጠዋልና። በሕግ የሚገባህን ጉዳይ ይዞ «አምጣ» በሚል ሰው እጅ ወድቀህ ብትከፍል ግፉ በዋናነት የተቀባዩ ነው፤ አቤት የሚባልበት በር ካለ ግን መጀመሪያ እርሱን አንኳኳ። የማይገባህን ለማግኘት ወይም ያ ሐሰተኛ መዝገብ እንዳይመረመር ብለህ የምትሰጠው ግን መማለጃ ነው፤ የሰጪና የተቀባይ በደል በዚያ አይለይም።

ዐሥራቱን በተመለከተ፥ ለደከምህበት ሥራ የተከፈለህ ደመወዝ ገንዘብህ ነውና ከእርሱ ዐሥራት ማውጣትህ ተገቢ ነው። በበዓል የሚጨመርልህ ግን ለሐሰቱ የተከፈለ ከሆነ ከዐሥር አንዱን መስጠት ቀሪውን ዘጠኝ አይቀድሰውም። መጽሐፈ ሲራክ ከድሆች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያስተካክለዋል። ያልተከፈለው ግብር ደግሞ የማንም ያልሆነ ገንዘብ እንዳይመስልህ። ደንበኛ «በደረሰኝ ስንት ነው? ያለ ደረሰኝስ?» ብሎ ሲጠይቅ ትሰማለህ፤ መልሱን ሰምቶ ወደ እናንተ ሲመጣ ከጎን ያለው በደረሰኝ የሚሸጥ ነጋዴ በታማኝነቱ ገበያውን ያጣል። የበዓሉን ገንዘብ ለማን እንደምትመልስ ወይም ለማን እንደምትሰጥ የንስሐ አባትህ ይወስኑልህ።

ልቁረብ ወይ ላልኸው፥ ነገ ያንኑ ለመጻፍ ወስነህ ዛሬ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቅረብ። ይህን የምልህ ኃጢአተኛ ስለሆንህ አይደለም፤ የምንቀርበው ሁላችን ኃጢአተኞች ነን። መውደቅ አንድ ነገር ነው፥ ከውድቀት ጋር ውል ገብቶ መኖር ግን ሌላ ነው፤ ንስሐ የሚያፈርሰው ይህን ውል ነው። በዚህ ምክንያት ከቅዳሴ እንዳትቀር፥ ጾምህንና ጸሎትህንም እንዳታቋርጥ እለምንሃለሁ። «እኔ ምን ብዬ» እያሉ ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ብዙዎች የተመለሱት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሥራህን በስሜት ተነሣሥተህ ዛሬውኑ ልቀቅ አልልህም። ሐሰተኛውን ደረሰኝ ማስፈር ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ንስሐ ከገባህ በኋላ አሠሪህን ሰው በሌለበት፥ በአክብሮት አነጋግር፦ «ጋሼ፥ እስካሁን ያደረጉልኝን አልረሳም፤ ማንኛውንም እውነተኛ ሒሳብ ሌሊትም ቢሆን ተቀምጬ እሠራለሁ፤ ያልተገዛ ዕቃ መጻፍ ግን አልችልም፤ በሕግም ቢሆን ለእርስዎም ለእኔም የእስር መዘዝ አለው» በል። ሰውየው ደግ ከሆኑ ይህን መስማት ለእርሳቸውም ይጠቅማቸዋል፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ፍርድ ረጅሙ ንስሐ የማን እንደሆነ አይተሃልና። ምናልባት ሌላ የሥራ ክፍል ይሰጡህ ይሆናል፥ ምናልባትም ያሰናብቱህ ይሆናል። እንደማያሰናብቱህ ዋስትና ልሰጥህ አልችልም፤ ሠለስቱ ደቂቅም ከእሳቱ እንደሚወጡ ዋስትና ይዘው አልገቡም።

ስለዚህ ከመናገርህ በፊት ለእናትህ ነገሩን ንገራቸው፤ ልጄ የሚያበላኝ በምን እንደሆነ ማወቅ ይገባቸዋል፥ ጸሎታቸውም ያስፈልግሃል። ሌላ ሥራም ከአሁኑ መፈለግ ጀምር፤ የሐዋሳ ነጋዴ ሁሉ ሁለት መዝገብ አይዝም፥ የሚታመን የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግም አለ። የንስሐ አባትህን ግን ለሚቀጥለው ሳምንት አታቆያቸው፤ ደረሰኞቹንም፥ የበዓሉን ገንዘብም፥ የእናትህንና የታናናሾችህን ነገርም ሳትደብቅ ንገራቸው፤ የምትቆርብበትንም ቀን እርሳቸው ይነግሩሃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።