የቀለለው የሞተር ሰፖርት (የሞተር መሸከሚያ) ለምን ደጋግሞ ይሰነጠቃል?

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ለትንሽ አውሮፕላን የሚሆን ባለ አንድ ሲሊንደር ቱ ስትሮክ ሞተር እየሞከርኩ ነው። የብረት ሰፖርቱን አውጥቼ በኮምፒውተር የነደፍኩትን፣ 6061 ቲ6 ከሚባለው የአሉሚኒየም ዓይነት የተሠራ ገጠምኩ፤ የእግሮቹ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ነው። ሶፍትዌሩ የጭነቱን ሦስት እጥፍ ይችላል ቢለኝም በአሥር ሰዓት ሥራ ውስጥ የእግሩ ውስጠኛ ማዕዘን ተሰነጠቀ። አስበየድኩት፤ ከብየዳው ጎን ደግሞ ተሰነጠቀ። በደቂቃ 5,400 ዙር ላይ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ከ6,000 በላይ ይረጋጋል። 7075 በሚባለው በጠንካራው አሉሚኒየም ላሠራው?

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ ገንዘብህን ታባክናለህ። «5,400 ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል» ያልከው በሽታውን ነግሮኛል። 5,400 ዙር በሰከንድ 90 ምት ነው፤ ሰፖርትህም ሞተሩን ተሸክሞ በራሱ የሚወዛወዘው እዚያው 90 አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ እግሩ ከስሌትህ ብዙ እጥፍ ይለመጣል። ሶፍትዌሩ አልዋሸህም፤ የጠየቅኸው አንዴ ተጭኖ ስለሚቆም ጭነት ብቻ ነው።

ላለመሰበር መጠንከር ሌላ፣ ላለመለመጥ መጠንከር ሌላ ነው። 7075 የሚበጠሰው በ572 ሜጋፓስካል ገደማ፣ 6061 በ310 ነው፤ በዚህ በጣም ይበልጣል። ላለመለመጥ ግን አንዱ 72፣ ሌላው 69 ጊጋፓስካል ነው፤ ያው ናቸው። የመወዛወዝ ፍጥነትን የሚወስነው ይኸኛውና ክብደቱ ስለሆነ፣ ውዱን ገዝተህ 90ውን ወደ 92 ብቻ ታደርሰዋለህ። በዚያ ላይ አሉሚኒየም «ከዚህ በታች ቢለመጥ ምንም አይሆንም» የሚባል ወለል የለውም። 276 ሜጋፓስካል ላይ የሚታጠፈው 6061፣ ጭነቱ 500 ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት 97 ገደማ ላይ ይሰበራል። 5,400 ላይ፣ ያውም ከስሌትህ በላይ እየተለመጠ፣ በሰዓት 324,000 ጊዜ ይመላለሳል፤ አሥር ሰዓት ለምን እንደበቃው ይኸው።

ብየዳው ደግሞ አባሰው። የቲ6ን ጥንካሬ የሰጠው የምድጃ ሥራ ነው፤ የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል፣ ዙሪያው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን እያወቀ የሚበይድ ሰው ያናድደኛል። ያን ሰፖርት ጣለው።

ከመንካትህ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀል። ማብሪያው ጠፍቷል ብለህ አትመን፤ ፕሮፔለሩን በእጅ ስታዞር ሞተሩ ሊነሳ ይችላል።

አሁን ሶፍትዌሩ ላይ የንዝረት ስሌቱን አሠራ። ሞተሩን ከነፕሮፔለሩና ከነማርሚታው በክብደት ማዕከሉ ላይ አስቀምጥ፣ ሰፖርቱን በብሎኖቹ ቦታ ብቻ እሰር። መልሱ 90 አካባቢ መምጣት አለበት፤ 300 ካለህ የሞተሩን ክብደት ረስተሃል። ከዚያ እግሩን በሚለመጥበት አቅጣጫ ከ8 ወደ 11 ሚሊሜትር አሳድግ። ውፍረት ላለመለመጥ የሚያግዘው በሦስተኛ ኃይል (11 ለ 8 ተካፍሎ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ስለሆነ 2.6 እጥፍ ይጠነክራል፣ የመወዛወዝ ፍጥነቱም በሰከንድ 145 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ ከ8,000 ዙር በላይ ነው። ክብደቱ ብዙም አይጨምርም።

ውስጠኛውን ማዕዘን ቢያንስ በ5 ሚሊሜትር ክብ አድርገው። የፍሬዛውን ጭረት በ240፣ ቀጥሎ በ400 ብርጭቆ ወረቀት አጥፋ፤ እግሩ በሚረዝምበት አቅጣጫ እንጂ አግድም አትፈግፍግ።

ብሎኑ ራሱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 ያልተጻፈበትን ሱማሌ ተራ በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ፤ ሲጠብቅ ይሳባል፣ ከዚያ ይላላል። ኤም8ን በደረቁ በ25 ኒውተን ሜትር እሰር፣ ከሥሩ ወፍራም ሮንዴላ አድርግ።

ስትሞክር 200 ዙር እየጨመርክ ውጣ፤ ከፕሮፔለሩ ጎን፣ በሚዞርበት መስመር ላይ ማንም አይቁም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አጥፋ፣ አሁንም የካንዴላውን ገመድ ንቀል፣ ማዕዘኖቹን ስንጥቅ በሚያሳየው ቀይ ቀለም መርምር፣ የብሎኖቹንም ጥብቀት እንደገና ለካ።